የአባባ የኋላሸት ስድስት ሰከንድ

በየከተማው «እኔ እኮ ፊልም ላይ አለሁ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ፊልሙን ያየ ግን የለም። ለደብረ ማርቆስ የደረሷት ክቡር ተዋናይ አባባ የኋላሸት ናቸው። ዕድሜያቸው ሰማንያ ስምንት ነው፤ ሰርግም ይሁን ለቅሶ፣ እሳቸው የተቀመጡበት ወሬ ዞሮ ዞሮ ለንደን ይገባል።

ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ዓይናዲስ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከዘራቸውን ደጃፏ ላይ አስደግፈው፣ የፊልሙን ስም ነግረው፣ «እስኪ በዚያ ስልክሽ ፈልጊልኝ» ይሏታል። ከዚያ ታሪኩ ይጀመራል።

በ1951 ዓ.ም. የሉማሜው ዲያቆን የኋላሸት የማተሚያ ሥራ ሊማሩ ለንደን ሄዱ። እዚያ ስለ አፍሪካ ጫካ ለሚሠሩት ፊልም ጥቁር ሰው የቸገራቸው ሰዎች መንገድ ላይ አገኟቸው።

«ያን የመሰለ ጫካ ያየሁት አዳራሽ ውስጥ ነው፤ እሱም የጨርቅ!» ይላሉ። «ጃማይካዊው ወንድሜ፣ ሕንዱ አጎቴ ተባሉ። እኔን ደግሞ ቀይ ነህ ብለው ጥቁር ቀለም ለቀለቁኝ። የጎሳ አለቃችን ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እንግሊዝ! እሱም ከኔው የቀለም ቆርቆሮ የተቀባ!»

በመጨረሻ ዳይሬክተሩ «ነጩን ጀግና በቋንቋህ እርገመው» አላቸው።

«ዲያቆን ሰው ይረግማል? ዓይኔን አፍጥጬ፣ ጦሬን እየነቀነቅሁ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩለት!»

እዚህ ላይ ዓይናዲስ ሳቋ ያመልጣታል። ስልኳን ነካ ነካ ታደርግና «አባባ፣ ኔትወርክ የለም» ትላቸዋለች። እሳቸውም «እንግዲህ ነገ» ብለው ይሄዳሉ። አንድም ቀን ፈልጋ አታውቅም፤ እንዲህ ያለ ወሬ ማን ያምናል?

ባለፈው ክረምት የአባባ ዓይን ጨርሶ ጠፋ። መስከረም ላይ በሰው ተመርተው መጡና «እኔ ባላየውም አንቺ እይልኝ» አሏት። ያን ቀን አፍራ ፈለገችው። በሁለት ደቂቃ ተገኘ።

ሁለት ደቂቃ! ያን ሁሉ ጠዋት ሁለት ደቂቃ ነፍጋቸው ኖራለች።

ጫካው የጨርቅ ነው። አለቃው የተቀባ እንግሊዝ ነው። ከጎኑ አንድ ቀጭን ወጣት ጦር እየነቀነቀ ብቅ አለ፤ ለስድስት ሰከንድ ብቻ። ከስልኩ የወጣው ግን ትርጉም የሌለው ጩኸት ነበር።

አባባ ፊታቸው ተለወጠ። «ይሄ የኔ ድምፅ አይደለም። ሌላ ሰው አስጩኸውበታል» አሉ። «ታዲያ ስድሳ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ያየኝ ሁሉ፣ ሰው ስረግም ነው ያየኝ?»

ዓይናዲስ ድምፁን አጥፍታ ደግማ አየችው። ሦስተኛ ጊዜ ስታየው የወጣቱን ከንፈር ተከተለች። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትደግመው ጸሎት ነውና አልጠፋትም።

«አባባ! ከንፈርዎ ይታያል። አቡነ ዘበሰማያት ብለው ጀምረው፣ ‹መንግሥትከ› ላይ ሲደርሱ ነው የቆረጡዎት።»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው የስልኩን መስታወት ዳሰሱ። ዓይናዲስ ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻለችም። «አባባ፣ ያኔ ኔትወርክ ነበረ» አለቻቸው።

«አውቃለሁ ልጄ። ‹የለም› እያልሽኝ በዚያው ስልክ ከሰው ጋር ትሳሳቂ አልነበር?»

«ታዲያ ለምን ይመላለሱ ነበር?»

«አንድ ቀን ይቆጫትና ትፈልግልኛለች ብዬ ነዋ» አሉ። «በይ መልሰሽ ክፈቺው። አንቺ ከንፈሬን እያየሽ አንብቢልኝ፤ የቆረጡብኝን እኔ እጨርሳለሁ።»