ዜና ዘአማኑኤል፣ የእድር ድስት በአየር ላይ ያቆሙበት

ወይዘሮ ፈለቀች የብሎክ ሃያ ሰባት እድር ሊቀ መንበርና የእድሩ ድስት የሚቀመጥበት የጋራ ክፍል ቁልፍ ያዥ በሆኑ በዘጠነኛው ዓመት፣ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ዘመን፣ በወርኃ ጥቅምት፣ በዕለተ እሑድ፣ የቱሉ ዲምቱው አንበሳ፣ የአራተኛ ፎቅ ጌታ፣ ስመ መንግሥታቸው በኢንተርኔት «ነጎድጓድ» የተባለው ዘአማኑኤል ያደረጉትን ገድል እነሆ እንጽፋለን። ሰፈሩ «አንተ» ይላቸዋል፤ አንቱታው የጸሐፊው ነው። ጸሐፊውም ከጀግናው ጋር አንድ አልጋና አንድ ሱሪ ስለሚጋራ፣ ማለትም ራሱ ስለሆነ፣ ምስክርነቱ አይጠርጠር።

የገድሉ ምክንያት ይህ ነው። ዘአማኑኤል ሦስት ዓመት ሙሉ በእናታቸው ሳሎን ተቀምጠው አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ሠሩ፤ ጨዋታውም የእድር ድስት በአይሱዙ ጭኖ፣ ከቂሊንጦ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባለው ጉድጓዳም መንገድ፣ ሳይጥሉ ማድረስ ነበር። እናታቸው ወይዘሮ እታገኝም ታግሠው ታግሠው በመጨረሻ አዋጅ አስነገሩ፦ «ወይ የጋራ ክፍሉን ለምነህ ሥራህን እዚያ ትሠራለህ፣ ወይ ሰኞ ቂሊንጦ ፋብሪካ ትገባለህ። ሳሎኔን ልቀቅልኝ!» ጀግናው ፋብሪካን ንቀው አይደለም፤ ጨዋታቸውን ስለሚወዱ እጅግ ፈሩ። ስለዚህ እድሩ በሚሰበሰብበት ቀን ጨዋታውን አሳይተው ክፍሉን ሊለምኑ ቆረጡ።

ነገር ግን የጀግናው ላፕቶፕ አሮጌ ነው፤ አርባ አንድ ድስት ሲጋጭ፣ ሲንከባለልና ሲወድቅ ማስላት ሲጀምር እንደ ወፍጮ ጮኾ ይጠፋል። ስለዚህ ቀደምት ነገሥታት ጳጳስ ለማስመጣት ወደ እስክንድርያ ይልኩ እንደነበር፣ ዘአማኑኤልም ድስት ወዴት እንደሚወድቅ ለማስጠየቅ ወደ ባሕር ማዶ ላኩ፤ ይኸውም ክላውድ በሚሉት ሩቅ አገር፣ በኪራይ በያዙት ታላቅ ሰርቨር ስሌቱ ተሠርቶ፣ መልሱ በኢንተርኔት በቅጽበት ይመለስ ዘንድ ነው።

ወበይእቲ ዕለት ወደ ጋራ ክፍሉ ዘመቱ። ከፊት ነቢል፣ የአቃቂ በሰቃው ስልክ ጠጋኝ፣ ራውተሩን እንደ ታቦት አክብሮ ይዞ፤ ከኋላ ባለሱቋ ሳዲያ የኤሌክትሪክ ገመድ ተጠምጥማ፤ በቀኝ ጋሽ ጉዲሳ፣ የግቢው ዘበኛ፣ ፕሮጀክተሩንና ምስሉ የሚታይበትን አንሶላ ተሸክመው። በግራ ማንም አልነበረም፤ ደረጃው ጠባብ ነው።

ሕዝቡ በተቀመጠ ጊዜ የጀግናው ልብ አበጠና አዋጅ ነገሩ፦ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እኔ ዘንድ የመጣ እንግዳ ሳይስተናገድ አይቀመጥም። የዋይፋዩ ይለፍ ቃል የቤታችን ቁጥር ነው፤ ሁላችሁም ግቡ!» ስልሳ ሰው ገባ።

ወእምዝ ጨዋታው ተጀመረ። አይሱዙዋ ጉድጓድ ውስጥ ገባች፤ ድስቶቹ ወደ ላይ ዘለሉ፤ በዚያው ቀሩ። አይሱዙዋ ጉዞዋን ቀጠለች። ስልሳው እንግዳ በቲክቶክ የኢንተርኔቱን መንገድ ስለዘጋው የባሕር ማዶው መልስ መግቢያ አጥቶ ነበር። ነቢል ይህን በጆሯቸው ነገራቸው፤ ጀግናው ግን የሰጡትን ዋይፋይ ከእንግዳ መቀማት ነውር ሆነባቸውና፣ እናታቸው ከኋላ ወንበር እያዩዋቸው፣ የላፕቶፑን ቁልፎች በከንቱ ይደበድቡ ጀመር። ፋብሪካው ታያቸው። ጸሐፊውም አብሮ አየው።

ነቢልም ወደ ወይዘሮ ፈለቀች ሄዶ ምሥጢሩን ገለጠላቸው፤ እሳቸውም ተነሥተው አወጁ፦ «ስልክ የያዝህ ሁሉ ዝጋ! የእድራችን ድስት አየር ላይ ተንጠልጥሎ አንተ ቪዲዮ ታያለህ?» ስልሳ ስልክ ተዘጋ። መልሱም መጣ።

አርባ አንዱ ድስት ባንድነት ወረደ። ትልቁ በከባድ ድምፅ መሬት ላይ ተተከለ፤ ትንንሾቹ ተላትመው ተበተኑ፤ አንድ ክዳን ግን በጠርዙ ቆሞ፣ እየተሽከረከረ፣ ወደ ሕዝቡ ተንከባለለ። ወይዘሮ ፈለቀችም ዘጠኝ ዓመት ድስት የጠበቁ ናቸውና፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ክዳኑን ሊይዙ ሮጡ፤ አንሶላውንም ይዘው ወደቁ።

ሕዝቡ ሣቀ፤ እሳቸው አልሣቁም። ነጠላቸውን አስተካክለው የመጨረሻውን አዋጅ ነገሩ፦ «ክዳን እንዲህ እንደሚሸሽ የሚያውቅ የድስት ሰው ብቻ ነው። ክፍሉን ሰጥተነዋል። ድስቶቹ ግን ክፍሉን አይለቁም፤ ከዛሬ ጀምሮ እሱ ይጠብቃቸዋል፣ ለቅሶ ቤት ያደርሳቸዋል፣ አጥቦም ይመልሳቸዋል!» ወይዘሮ እታገኝ ሳሎናቸው ነጻ ስለወጣ እልልታውን አቀለጡት።

እንግዲህ ማን እንደ ዘአማኑኤል! ድስትን በአየር ላይ ያቆሙ፣ ባሕር ማዶን ያስጨነቁ፣ ነገሥታት ዐቃቤ ሰዓት ሲሾሙ በሕዝብ ፈቃድ ዐቃቤ ድስት ዘቱሉ ዲምቱ ተብለው የተሾሙ! እነሆ ዛሬ ለቅሶ አለና፣ አርባ አንዱን ድስት በእውነተኛ አይሱዙ ጭነው፣ በእውነተኛው ጉድጓዳም መንገድ፣ ከላይ ተቀምጠው ይገሠግሣሉ፤ ትልቁን ድስት በሁለት እጃቸው፣ ክዳኑን በጥርሳቸው የያዙ ኃያል፣ ያለ ምንም ሰርቨር!