ለእንግዳ የተሠራ ሽንት ቤት

ጤናን እንደኛ አፉ ላይ የሚያመላልስ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። ስንገናኝ ጤና እንመኛለን፣ ስንለያይ ጤና እንመኛለን፤ የተኳረፍነውን ሰው እንኳ መንገድ ላይ ስናገኘው «ጤና ይስጥልኝ» ብለን ነው ፊታችንን የምናዞርበት። ይህን ሁሉ ምኞት ስንለዋወጥ ኖረን ሆዳችንን መታመም ያልተውነው ለምን እንደሆነ፣ እንደኔ መጽሐፍ ስታገላብጥ ካረጀች ሴት መልስ ትጠብቁ ይሆናል። የለኝም። እኔ ያነበብኩት ሌላ ሌላውን ነው።

በኔ ጊዜ ጤናን የሚያጠና አልነበረም። የሚጠናው በሽታ ነበር፤ እሱም ቢሆን ሩቅ አገር ሄዶ ሐኪም ለሚሆን ወንድ ልጅ። ጤና እንደ ጥሩ ጎረቤት ሲሄድ ብቻ የሚታወቅ ነገር ነበር። እና ካርቱም በትምህርት ቤት መጻሕፍት ጠባቂነት ፀጉሬን አሽብቼ ቡታጅራ አጠገብ ወዳለው የወንድሜ ቤት ስመለስ፣ የወንድሜ ልጅ ነኢማ በከተማው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ጤና ትማራለች ሲሉኝ ሳቅሁ። የመማሪያ ጥራዟ ሽፋን «ጤና ማበልጸግ» ይላል። በዚያ ዘመን በአገሪቱ ሊበለጽግ ያልታቀደ ነገር አልነበረም፤ ጤና ለምን ይቅርበት ብዬ ዝም አልኩ።

ዝም ማለት ግን አልሆነልኝም፤ መቀመጥም እንደዚያው። ጠዋት ማታ ጀፎሮው ላይ፣ በቤቶቹ ፊት በተንጣለለው የሣር ሜዳ ላይ ማለቴ ነው፣ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ሰው ሁሉ ይነሳልኛል። ይኸው ነው ያናደደኝ፤ በተወለድኩበት መንደር ይነሱልኛል! ልጆች በቋንቋችን ሲጫወቱ ቆይተው እኔ ስደርስ በአማርኛ ይቀጥላሉ። አብራኝ ያደገችው ዘይነባ እንኳ «አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት አደሩ» ትለኛለች። እንዴት አደሩ! አብረን የሰው ሸንኮራ የሰረቅን ሰዎች።

ነኢማ በዚያ ሰሞን ከኮሌጁ ለተግባር ልምምድ ወደ ቀበሌያችን ወጥታ ነበር። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፤ የተመደበላትን ቤተሰብ አሳምና ሽንት ቤት ማስቆፈር፣ እጅ ማስታጠብ፣ ከብቱን ከሰው ማደሪያ መለየት፣ በመጨረሻም መምህሯ መጥቶ «ሞዴል ቤተሰብ» እንዲል ማድረግ። ካለ አለፈች። ካላለ ወደቀች። ከወደቀች ደግሞ ወንድሜ ቆሼ በምትባለው የአገራችን ከተማ ለሚኖር አንድ ነጋዴ ቃል ገብቷል፤ ሊድራት። ሰውየው ሁለት ሱቅ አለው፤ ዕድሜውም ከወንድሜ አይርቅም።

የተመደበላት ቤተሰብ የዘይነባ ነው። ዘይነባ ሽንት ቤት አትሠራም ያለ ማን ነው? ሠራች። እንደሷ የሠራም የለም። ሌላው ሰው ከእንሰቱ ኋላ ሲደብቀው እሷ ጀፎሮው ዳር፣ መንገደኛ በሚያየው ቦታ ተከለችው። ግድግዳው ተመርጎ በነጭ አፈር ተቀብቷል። በሩ የዳንቴል መጋረጃ አለው፤ ቀዳዳው እጀታ ያለው የእንጨት ክዳን። ለእጅ መታጠቢያ ከተንጠለጠለው ጄሪካን ሥር ሳሙና ተቀምጧል፤ ወረቀቱ ሳይላጥ። በሩ በጓጉንቸር ተቆልፎ ቁልፉ በዘይነባ ሻሽ ጫፍ ተቋጥሯል። ቤተሰቡም እንደ ጥንቱ እንሰቱ ውስጥ ይገባል።

«ለማን ነው የሠራሽው?» አልኳት።

«ለልጆቼ ነዋ! ለአረፋ ከመርካቶ ይመጡ የለ?»

የኛን አገር አረፋ ለማታውቁት ልንገራችሁ። በየከተማው የተበተነው ልጅ ሁሉ ወላጆቹ ቤት የሚገባበት በዓል ነው። ለዚያ ቀን ቤቱ ይቀባል፣ አዲስ ብርድ ልብስና አዲስ ሰሃን ይገዛል፤ እንግዳው ሳይነካውም ማንም አይነካውም። አንዴ ከነካው በኋላ ግን የቤተሰብ ነው፤ ሁሉም እንዳሻው ይገለገልበታል። ዘይነባ ሽንት ቤቷን የመደበችው ከብርድ ልብሱ ጋር ነው።

ነኢማ የማስተማሪያ ሥዕሏን ዘረጋች። ሥዕሉ ላይ አንድ እርግብ የሚያህል ዝንብ ከሜዳ ተነስቶ ወደ ምግብ ይበራል።

«እትዬ ዘይነባ፣ ዝንቡን እይው።»

«ዝንቡንማ አውቀዋለሁ ልጄ። ያለው እንሰቱ ውስጥ ነው። እዚህ ምን ሊሠራ ይመጣል? ንጹሕ ነው።»

ነኢማ ሥዕሏን ጠቀለለች። እኔም ገባሁበት፤ ኮሌራ የታላላቅ ከተሞችን ሰው እንዴት እንደፈጀ ካነበብኩት ሁሉ አወራሁ። ዘይነባ እስክጨርስ አዳምጣ «ማሻአላህ፣ አዋቂ ነዎት» አለችና ወተት አስመጣችልኝ።

ነኢማ ስንመለስ ልታለቅስ ደርሳለች። «ቲቸር እኮ ሽንት ቤት አለ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ሣሩ ተረግጦ እንደሆነ ያያል። ከዚያ ያሸታል።»

«ያሸታል?»

«ያሸታል። አምና አንዷን ሽታ የለውም ብሎ ጥሏታል።»

አረፋ ደግሞ የሚውለው ቲቸር መጥቶ ከሄደ በኋላ ነው።

በማግስቱ ነኢማ ከጫማዬ እስከ መነጽሬ ስታየኝ ቆየች። «አክስቴ፣ አንቺ እኮ እንግዳ ነሽ።»

«ማን? እኔ? እትብቴ የተቀበረው እዚህ ነው!»

«ይሁና። በየትኛው ሲኒ ነው የምትጠጪው?»

«በ… በአዲሱ።»

«አባቴ ካንቺ በፊት ጎርሶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ባለፈው ሣር ልጨድ ስትዪ ማጭዱን ማን ቀማሽ?»

የቀማኝ መንደሩ በሙሉ ነው። ብዙ ደራሲ አንብቤአለሁ፤ እንዲህ ራቁቴን ያስቀረኝ ግን የለም። እምቢ ማለት እችል ነበር። ከመጣሁ ጀምሮ እንግዳ አይደለሁም እያልኩ ስጨቃጨቅ ከርሜ፣ አሁን በአደባባይ ነኝ ልል ነው፤ ያውም በምን ላይ! ግን የቆሼው ሰውዬ ባለፈው ለሽምግልና ሲመጣ የወንድሜን ጉልበት ሕመም በራሱ ጉልበት እያሳየ ሲያወራ ትዝ አለኝ። ነጠላዬን አነሳሁ።

«ከልጆቼ በፊት?» አለች ዘይነባ፣ ነኢማ ነገሩን ስታስረዳት።

«ልጆችሽ በየዓመቱ ይመጣሉ። እሷ ግን ስንት ዘመኗ! ከሷ የበለጠ እንግዳ ከየት ታመጫለሽ?»

ዘይነባ አየችኝ። ትከራከርልኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢያንስ ሸንኮራውን ታነሳለች ብዬ።

«ወላሂ እውነትሽን ነው» አለችና ሻሿን መፍታት ጀመረች።

ልትስቁ ትችላላችሁ፤ ስቃችሁ ስትጨርሱ ቀጥሉ። ዘይነባ ደጃፉን ውሃ ረጨች። የሳሙናውን ወረቀት ላጠች። ባሏ ጋሽ ከድር ጋቢውን አስተካክሎ ቆመ። ልጆቹ ከየቤቱ ወጡ። እኔም መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ሰው ሁሉ ውጭ ቆሞ ሲጠብቅ ነገሩ እሺ እንደማይል የሞከረ ያውቀዋል። ግድግዳው ከውስጥ ጋዜጣ ተለጥፎበታል፤ ስለዚህ አነበብኩ። አንድ ሞዴል አርሶ አደር ከአንድ ባለሥልጣን ጋር ይጨባበጣል። ምርት ጨምሯል። መንገድ ተመርቋል። ዝቅ ብሎ ተገልብጦ የተለጠፈ ገጽ ነበር፤ እሱን ለማንበብ አንገቴን ሳጣምም፦

«አክስቴ! ደህና ነሽ?»

«እያነበብኩ ነው!»

ውጭ ሹክሹክታ ሆነ።

«ምን አሉ?»

«እያነበቡ ነው።»

«እዚያ ውስጥ?»

«የውጭ ሰው እንዲህ ነው።»

የውጭ ሰው! ከንዴት ይሁን ከሌላ፣ ጉዳዩ እዚያው ተፈጸመ።

ስወጣ ዘይነባ ራሷ አስታጠበችኝ። «ተመቸዎት?»

«ተመችቶኛል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለችና ፎጣውን እጄ ላይ ጥላ እሷ ገባች። ከሷ ቀጥሎ ጋሽ ከድር፣ ከሱ ቀጥሎ ምራታቸው። ቁልፉን የጠየቀ አልነበረም። ቲቸር እስኪመጣ ድረስ በሣሩ መሐል ቀጭን መንገድ ወጥቶ አፈሩ መታየት ጀምሮ ነበር።

ቲቸር ከሰሜን የመጣ፣ በፀሐይም ከረባቱን የማያላላ ሰው ነው። ሣሩን አየ። ጎንበስ አለ። አሸተተ። በእንዲህ ዓይነት ሽታ ፊቱ የበራ ሰው አይቼ አላውቅም።

«ቤተሰቡን በምን ዘዴ አሳመንሽው?» አላት።

ነኢማ ወደኔ አላየችም። «በአካባቢው ባለ ነባር ሀብት በመጠቀም ነው፣ ቲቸር።»

ነባር ሀብቱ እኔ ነኝ። አለፈች። ወንድሜም «ልጄ ሥራ ልትይዝ ነው» ብሎ ወደ ቆሼ መልስ ላከ።

እኔ ከዚያ በኋላ መሄድ ፈለግሁ። ወዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ካርቱም የሚጠብቀኝ የለም፣ እዚህም እንግድነቴ በአደባባይ ጸድቋል። ለወንድሜ ልነግረው ስወጣ ሁለት የነኢማ የክፍል ጓደኞች ከባጃጅ ወርደው ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

«እንግዳዋ እዚህ ናቸው?»

የአንደኛዋ ቤተሰብ ሽንት ቤት በማዶው ቀበሌ፣ የሌላዋ ከዚያ አለፍ ብሎ ነው። ሁለቱም ተቆልፈዋል። ቲቸር ደግሞ እየመጣ ነው።

እንግዳ የሚባል ሰው እዚህ የለም ልል አፌን ከፈትኩ። ከሁለቱ ትንሿ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች ትፈታለች፤ እሷንም የሚጠብቃት ባለሱቅ ሳይኖር አይቀርም። አፌን ዘጋሁና ባጃጁ ላይ ወጣሁ።

በዚያ ዘመን የሚመረቅ ነገር ሁሉ ሪባን የሚቆርጥለት ባለሥልጣን ነበረው፤ ለነዚያ ሽንት ቤቶች የደረስኩላቸው ግን እኔ ነኝ። አገሬ ልጇ አድርጋ አልተቀበለችኝም። በእንግድነት ግን ቀጠረችኝ፤ ደመወዝ የለውም እንጂ ሥራው አይጠፋም።