«ጠፍቷል» የሚሉ ባለሙያዎች

ያልጠፋውን «ጠፍቷል» ብሎ የሚምል ባለሙያ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ቡታጅራ አንድ አለን።

የበርበሬ ወፍጯችንን ሪሌ፣ ሞተሩን የሚያስነሳና የሚያቆመውን የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ የቀየረው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ወፍጮው ሲሠራ ብቻ መብራት ያለባት አረንጓዴ መብራት፣ ወፍጮው ከቆመ በኋላም ደብዘዝ ብላ ትበራለች። ምራቴ ወይንሸት የወፍጮውን አፍ የምትጠርገው በእጇ ነው። መብራቷ እየበራች እንዴት እጇን ታስገባ? ባለሙያውን አስጠራሁት።

«እማማ፣ ሪሌው ላይ ብልጭታ የሚከላከል ዕቃ አለ። በእሱ በኩል ትንሽ ኤሌክትሪክ ያልፋል። ምንም አያደርግም።»

«ምንም የማያደርግ ከሆነ መብራቷን ማን አበራት?»

ሳቀ። ከኪሱ ጥቁር ናስትሮ አወጣና መብራቷ ላይ ለጠፈባት።

«ይኸው፣ ጠፋች!»

እስቲ ፍረዱ፤ ይህ ሰው ቤት ሲቃጠል ቢጠራ መጋረጃ ይዞ አይመጣም?

«እንግዲያው ዛሬ አንተ ጥረገው» አልኩት።

«ምን ችግር አለው!» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። ወፍጮው ጋ ሲደርስ ግን ቆም አለ። ተመልሶ ግድግዳው ላይ ያለውን ዋናውን ማጥፊያ አወረደና ነው እጁን ያስገባው።

«ለጥንቃቄ ነው፣ እማማ።»

ለእሱ እጅ ዋናው ማጥፊያ፣ ለወይንሸት እጅ ናስትሮ! ናስትሮውን ላጥኩና መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

«የእሷም እጅ እጅ ነው። ሪሌውን ሳታስተካክል ከዚህ አትወጣም።»