ሙዙ እስኪመጣ

«ጉዳያችን ሳያልቅ እህል አንቀምስም» አሉ ጋሽ አስናቀ ወንበራቸው ላይ እየተመቻቹ፤ «የላንቴ ሙዝ ግን እህል አይባልም። ይምጣ እስቲ።»

ጋሽ አስናቀ ልጄን ምሕረትን ለልጃቸው ሊጠይቁ ከከተማ፣ ከሴቻ፣ ሽማግሌ ይዘው የመጡ ጡረተኛ ናቸው። እኔና ባለቤቴ ተያየን። ዶሮው ደርሷል፣ ለስላሳው ቀዝቅዟል። ሙዝ የለም።

አትሳቁ። እናንተ ሙዝ ሲባል ቢጫው ይታያችኋል፤ እኛ የላንቴ ገበሬዎች የምናውቀው አረንጓዴውን ነው። ሳይበስል ቆርጠን፣ በገዛ ቅጠሉ ሸፍነን መኪና ላይ እንጭነዋለን፤ የሚበስለው አዲስ አበባ ነው። የበሰለ መንገድ ስለማይችል ነጋዴው ዞር ብሎም አያየው። አንድ ዘለላ እንኳ ለቤት ማስቀረት ትዝ የሚለው ሰው የለም። ሲያምረን ከተማ፣ ሲቀላ ገበያ ሄደን እንደማንም እንገዛለን።

ይህን ለእንግዳ እንዴት ያስረዱታል? ሙዝ የነፈገ ልጁን ሊሰጥ ነው ወይ ቢሉኝስ? ምሕረት ደግሞ ልጁን ትወደዋለች፤ ከጓዳ በር ሥር ዓይኗ ይታየኛል።

ባለቤቴ ነጠላዋን ነጥቃ በጓሮ ወጣች፤ ባጃጅ ስትጣራ ሰማሁ። ሲቀላ ደርሳ እስክትመለስ እንግዳ ማጫወት በእኔ ላይ ወደቀ። በቤታችን የምታወራው እሷ ናት። የእኔ ድርሻ «እህ» ማለት ነው።

ምን ላድርግ፣ ጀመርኩ። አባቴ እዚህ የምንቀመጥበት ላይ ጥጥ ይዘራ እንደነበር፣ እናቴ ፈትላ ለደጋ ሸማኔ ትልክ እንደነበር ነገርኳቸው። ከጥጡ በቆሎ ላይ ወረድኩ፤ ከበቆሎው ቦይ ቀደን ወንዙን ወደ ማሳ ያመጣንበት ላይ፤ ከዚያ በውኃ ተራ የተጣላነው፣ የታረቅነው፣ ደግመን የተጣላነው። መጀመሪያ በቆሎውን ነቅሎ ሙዝ የተከለውን ጎረቤቴን ጤና የለውም ብለን ሽማግሌ ልከንበት ነበር። በኋላ የጭነት መኪናው በሩ ላይ ሲቆም፣ እነዚያው ሽማግሌዎች ችግኝ ልመና ተመለሱ። ጋሽ አስናቀ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የሣር ጣሪያው እንዴት ቆርቆሮ እንደሆነ ስተርክ ሙዙን ጨርሶ ረስቼዋለሁ።

ባለቤቴ በትሪ ይዛው ስትገባ ጋሽ አስናቀ በእጃቸው ከለከሏት፤ ወጋቸውን ይጨርሱ ብለው። ጨረስኩ። አንድ ልጠው ጎረሱና፣ ከዛፉ የወረደ ሙዝ ጣዕሙ ይለያል አሉ። እኔም «እህ» ብዬ አንድ ላጥኩ።

ልጅቷን ጠየቁኝ፤ ሰጠሁ። መርቀን፣ ዶሮውን በልተን፣ እስከ አስፋልቱ ሸኘናቸው።

ስንመለስ ባለቤቴ መንገድ ላይ ቆም ብላ አየችኝ።

«የምሕረት አባት፣ ይኼን ሁሉ ጨዋታ የት ደብቀህብኝ ኖርክ?»