በስም ጥሪ የተዘፈነ እምቢታ

እምቢ ማለትን የፈለሰፍኩት እኔ ነኝ የማይል ወጣት አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። አያቱ በጉብዝናቸው ወራት ስንት ሽማግሌ እንዳስቸገሩ ብትነግሩት «ያ ሌላ ነው» ይላችኋል። በደርግ ጊዜ፣ ብቸና ተማሪ ሳለሁ፣ እኔም እንደዚሁ ነበርኩ።

በወጣቶች ኪነት ቡድን ውስጥ ከበሮ እመታለሁ። ግጥም የሚጽፍልን ሙሉቀን ነው፤ ቅኔ ቤቱን ሳይጨርስ ጥሎ አስኳላ የገባ ጓደኛዬ። አንድ ቀን ከደጀን የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር አንድ የፈረንጅ ካሴት አሰማን። ሬጌ ነው እንዳንል ጊታሩ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፤ አይደለም እንዳንል ምቱ እንደ ሬጌ ዘና ብሎ ያነክሳል። ዘፋኞቹማ የሚዘፍኑ ሳይሆን ከጎረቤት የተጣሉ ነው የሚመስሉት። የእንግሊዝኛ መምህራችን ጆሮውን ደቅኖ ቆየና፣ «ፓንክ የሚሉት ነው። የወጣት ዘፈን ነው፤ አንታዘዝም ነው ነገሩ» አለን።

ሌላ ምን እንፈልጋለን? ሙሉቀን በዚያው ምት ያማርኛ ስንኝ አበጀለት፦

ጥጃው ገመድ በጥሶ ወጣ ከበረቱ፣
ማን ይመልሰዋል ካልጠራችው እናቱ።

ይህንኑ ይዘን ሞጣ ለውድድር ሄድን። አዳራሹ በእግሩ መሬት እየደበደበ ሲቀበለን ከፊት ወንበር የተቀመጠው ካድሬ እጁን አነሳ። ከበሮዬን አቆምኩ።

«ይህ ጥጃ ማን ነው?»

ሙሉቀን በሩን በዓይኑ ፈለገ። በዚያ ዘመን ከጥጃ ይልቅ ሰው ነበር በቀላሉ የሚታሰረው።

ከተጋበዙት ሽማግሌዎች መካከል አንዱ ቀስ ብለው ተነሱ። የሙሉቀን የድሮ የቅኔ መምህር ናቸው።

«ጥጃውማ ጭሰኛው ነዋ፣ ጓድ። በረቱ የባላባቱ፤ እናቱም አብዮቲቱ።»

ካድሬው አጨበጨበ። አዳራሹም ተከተለው። አንደኛ ወጣን።

ከአዳራሹ ስንወጣ ሙሉቀን ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። «የኔታ፣ አተረፉኝ።»

«ሰሙን ለሱ ሰጠሁት፤ ወርቁን አንተ ዋጠው» አሉት። ቀጥለውም፣ «ሁለተኛው ስንኝህ ግን ያነክሳል። ሳትጨርስ ወጥተህ እኮ ነው» አሉ።

ሬጌ ነው ብሎ ሊያስረዳቸው አልደፈረም።

ብቸና ስንመለስ ዘፈኑ የየሳምንቱ ስብሰባ መክፈቻ እንዲሆን ታዘዘ። አንታዘዝም ለማለት በሰልፍ ቆመን፣ ስማችን ተጠርቶ፣ የቀረው ተመዝግቦ ዘፈንን። ወር ሳይሞላ ሙሉቀን ራሱ «ሆዴን አሞኛል» እያለ መቅረት ጀመረ።