የካፒቴን ማኮኻ እጆች

ከሰው እጅ ላይ ሥራ ሳይነጥቅ መዋል የማይችል አንድ ሰው የሌለበት ቤተሰብ በምድር ላይ አይገኝም። ብርቱካን ስትልጡ አጠገባችሁ ቆሞ ይንቆራጠጣል። ቁልፍ አልከፍት ብሏችሁ ስትታገሉ ትከሻችሁን ገፋ አድርጎ ይገባል። «ቆይ፣ አምጣው፣ ላሳይህ» ይላል። ሊያሳያችሁ የወሰደውን ነገር ግን ሥራው አልቆ ካላየ በቀር አይመልስም። ይህ ሰው ክፋት የለበትም፤ ኩራትም የለበትም። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ሌላ ሰው ሲሳሳት ቁጭ ብሎ የማየት ትዕግሥት ነው።

የናይሮቢዋ ናፉላ እንዲህ ያለውን ሰው በባልነት አገኘችው። ክቡር ካፒቴን ማኮኻን ካገባች ጀምሮ አንዲት የቆርቆሮ ጣሳ እንኳ በራሷ እጅ ከፍታ አታውቅም። ፀጉሩን ሊስተካከል ሄዶ ከፀጉር ቆራጩ እጅ መቀሱን ወስዶ፣ በመስተዋት እያየ የራሱን ማጅራት ቆርጦ፣ እንደ ተላጨ በግ ሆኖ የተመለሰው እርሱ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን የናፉላ እናት ከቡንጎማ የመጡ ዕለት የሆነው ነው። በእነርሱ ወግ አማችና አማት ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ እጅ ለእጅ መነካካት ቀርቶ ዓይን ለዓይን መተያየትም ያሳፍራል። እናቲቱ ዶሮ ሲገነጥሉ የጭኑ መገጣጠሚያ አልላቀቅ አላቸው። ካፒቴን ማኮኻ ከሳሎኑ ማዶ ሆኖ ጥቂት ታገሠ፤ ላበው፤ ከዚያም ተነሣ። «ማማ፣ ያምጡት፣ ላሳይዎ» ብሎ ዶሮውን ከነቢላው ከአማቱ እጅ ወሰደ። እናቲቱ በማግሥቱ ጠዋት ወደ ቡንጎማ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ለልጃቸው ሲደውሉ «ያ እጀ ፈጣን ደኅና ነው?» እያሉ ይጠይቃሉ እንጂ ስሙን አያነሡም።

እንዲህ ያለው ሰው የበረራ አስተማሪ ልሁን ብሎ ተነሣ።

ናፉላ ወሬውን ስትሰማ በመጀመሪያ ደስ አላት፤ ምክንያትም ነበራት። ማኮኻ ለብዙ ዓመታት ከዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ጎሕ ሳይቀድ እየተነሣ ጫት ወደ ሶማሊያ ሲያመላልስ ኖሯል። የሚያርፍባቸውን ሜዳዎች ስም እርሷ አትጠይቅም፤ እርሱም አይነግራትም። እርሱ በሚበርበት ቀን በምትሠራበት መድኃኒት ቤት ስልኳን ፊት ለፊቷ አቁማ ነበር የምትውለው። አስተማሪ ከሆነ ግን ከተማው ዳር ዞር ዞር ብሎ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ደስታዋ የቆየው ሥራው ምን እንደሆነ እስክትረዳ ድረስ ነው።

የበረራ አስተማሪ ማለት ሲያጠፉ እያየ እጁን የሚሰበስብ ሰው ማለት ነው። ተማሪው በግራ ወንበር ይቀመጣል፤ አስተማሪው በቀኝ። ሁለቱም መሪ አላቸው፤ መያዝ ያለበት ግን ተማሪው ነው። አስተማሪው በአፉ ያርማል። እጁን የሚያነሣው ነገሩ ወደ አደጋ ሲያደላ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም «መሪው በእኔ እጅ ነው» ብሎ ጮክ ብሎ መናገር፣ ተማሪውም «በእርስዎ እጅ ነው» ብሎ መመለስ፣ አስተማሪውም እንደገና ማጽናት አለባቸው። ይህ ካልሆነ ሁለቱም ሌላው ይዞታል ብለው እጃቸውን እንዳጣጠፉ መሬት ይቀበላቸዋል።

በግራ ወንበር ሲያበር የኖረው ማኮኻ በቀኝ ሲቀመጥ ዓለም ተገለበጠችበት። ግራ እጁ የለመደውን ቀኙ እንዲሠራ ተጠየቀ። ይባስ ብሎ በናይሮቢ የመኪና መሪ ያለው በቀኝ በኩል ነውና፣ በቀኝ መቀመጡ ብቻ ሰውነቱን ሁሉ «ሾፌሩ አንተ ነህ» እያለ ያነሣሣዋል። በፈተናው ዕለት ፈታኟ ካፒቴን ዋኬሾ እንደ ሙያው ልማድ ምንም የማያውቅ ተማሪ መስለው በግራ ተቀመጡ፤ አውቀው ሊያጠፉ፣ እርሱም በአፉ ሊያርማቸው። ገና ከመሬት ሳይነሡ መሪውን ነጠቃቸው። አየር ላይ ደገመ። ሲያርፉማ ከጅምሩ እስከ መጨረሻው የያዘው እርሱ ነበር፤ ያረፈውም በጣም አሳምሮ ነው።

«ማኮኻ፣ ዛሬ ተማሪህ ማን ነበር?» አሉት ካፒቴን ዋኬሾ፣ ሞተሩ እንደ ጠፋ።

«እርስዎ ነዎት፣ ካፒቴን።»

«ምን ተማርሁ?»

ማኮኻ የወንበሩን ቀበቶ መፍታት ጀመረ።

«ልንገርህ። አንተ ጎበዝ አብራሪ መሆንህን ተማርሁ። እሱን ድሮም አውቀው ነበር። በል እስከሚመጣው ዓርብ ድረስ ሌላ ሰው የጀመረውን ነገር በእጅህ እንዳትነካ። ሽንኩርት ይሁን ካልሲ፣ በአፍህ ብቻ። ዓርብ ዕለት ደግመህ ከነጠቅኸኝ ወደ ጫትህ ተመለስ፤ እኔ ጋ ሦስተኛ ፈተና የለም።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ በናፉላ ቤት ማን ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ጠፋ።

«ዛሬ አንቺ ተማሪ ነሽ» አላት ማኮኻ፣ ማድ ቤት ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጦ ሁለቱን እጆቹን ከጭኑ በታች እየከተተ። «ምንም የማታውቂ ተማሪ።»

«የምን ተማሪ?»

«የማንኛውንም። ሽንኩርት ክተፊ። ግን ተሳሳቺ።»

«ሽንኩርት ሲከትፉ እንዴት ነው የሚሳሳቱት?»

«እሱን እኔ እንዴት አውቃለሁ? ተማሪዋ አንቺ ነሽ።»

ናፉላ ቢላውን አነሣች። እንዳትሳሳት ለዓመታት ስትታረም የኖረች ሴት ተሳሳቺ ስትባል እጇ የሚያደርገው ጠፋው። ማኮኻም ከዱካው ላይ ቃሉን ያዘንበው ጀመር። «ጣቶችሽን ወደ ውስጥ እጠፊ። እሱን አይደለም፣ የግራውን። የአንቺን ግራ። ቆይ፣ የኔ ግራ በዚህ በኩል ነው አይደል?»

«ማኮኻ፣ ቀኝ የቱ ነው?»

«ተይኝ እስኪ» አለ፣ የእውነት ተጨንቆ። «ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እኔም እየጠፋኝ ነው።»

በማግሥቱ የበቆሎ ገንፎውን፣ ኡጋሊውን፣ ስታገነፋ ስልክ ተደወለ። ትምህርቱን ቀስማለችና «ማማሰያው በአንተ እጅ ነው» ብላ ወጣች። እርሱም በደንቡ መሠረት «በእኔ እጅ ነው» ብሎ መለሰ። ነገር ግን ሌላ ሰው የጀመረውን እንዳይነካ ታዟል። አንደኛው ደንብ ያዝ ሲለው ሁለተኛው ተው አለው፤ ምስኪኑ ካፒቴን በሁለት ሕግ መካከል ቆሞ ቀረ። ናፉላ ስትመለስ ኡጋሊው ከድስቱ ጋር አንድ ሆኖ፣ ባሏ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ድስቱን «ቀስ በል፣ ከዳር ወደ መሐል» እያለ ሲመክረው አገኘችው።

«በአንተ እጅ ነው አላልሁህም?»

«ብለሻል።»

«በእኔ እጅ ነው አላልኸኝም?»

«ብያለሁ» አለ ማኮኻ። «ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።»

ጎረቤቷ ማማ ኬሩቦም ነገሩ አላማራቸውም። አንድ ቀን በአጥር ላይ ብቅ አሉና «አንቺ ናፉላ፣ ከባልሽ ጋር ተጣልታችኋል እንዴ?» አሉ። «ትናንት የጋዙን ሲሊንደር ስትሸከሚ ቆሞ ያይሽ ነበር። ማየቱስ ይሁን፤ ደግሞ ይናገራል። ጉልበትሽን እጠፊ፣ ወገብሽን አቅኚ ይላል። እኔ ብሆን ሲሊንደሩን እግሩ ላይ ነበር የምጥለው።»

«አልተጣላንም ማማ። እየተማረ ነው።»

«ምንድን ነው የሚማረው? ስንፍና?»

እውነቱን ለመናገር ናፉላም ተምታቶባታል። ከባድ ዘንቢል ይዛ ስትገባ ባሏ ሳይቀበላት ሲቀር ልምምድ ይሁን ቅዝቃዜ መለየት አቃታት። አመሰግናለሁ ይባል ወይስ ይኮረፍ? ለዓመታት «እባክህ እጅህን ሰብስብልኝ» ስትል የኖረች ሴት፣ እጁ ሲሰበሰብ ቤቱ ሰፍቶ ባዶ የሆነ መሰላት።

ዓርብ ደረሰ። ናፉላ ከመድኃኒት ቤት ፈቃድ ጠይቃ፣ ከማኮብኮቢያው አጠገብ ባለው የአብራሪዎች ክበብ ሣር ላይ፣ ጥላ ሥር ተቀመጠች። ሻይ አዘዘች፤ አልጠጣችውም። አጥሩን ተደግፈው የሚበሉ ጥቂት መካኒኮች ነበሩ፤ የዊልሰን መካኒክ ምሳውን የሚበላው የሚያርፉትን እያማ ነው።

ትንሿ አውሮፕላን ከንጎንግ ኮረብታዎች በኩል መጣች። ናፉላ የባሏን አስተራረፍ ታውቃለች፤ ጎማው አስፋልቱን ሲነካ ድምፅ አይሰማም። ይህች ግን ከፍ ብላ ተንጠለጠለች፣ ወረደች፣ መሬቱን ረግጣ እንደ ፍየል ግልገል ዘለለች፣ ወደ ጎን ተንጋደደች፣ ደግማ ዘለለች፤ ከዚያ በኋላ ነው የተረጋጋችው።

«ይቺ የማን ተማሪ ናት?» አለ አንዱ መካኒክ፣ ቻፓቲውን እያኘከ።

«ተማሪ አይደለም፣ ማኮኻ ነው። ፈተና ላይ ነው።»

«እንግዲህ ጫቱ እየጠበቀው ነው በለኛ።»

ናፉላ የሻዩን ሲኒ ከፊቷ ገፋች። ስልኳን ፊት ለፊቷ አቁማ የምትውልባቸው ቀናት ተመልሰው ሲመጡ ታዩአት።

ሁለቱ አብራሪዎች ሣሩን አቋርጠው መጡ። ካፒቴን ዋኬሾ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ የወተት ሻይ አዘዙ። ማኮኻ የተቀመጠው በጠርዙ ነው።

«ያቺን የመጨረሻዋን ማረፍ እንዴት አየሃት?» አሉት ሻዩ ሲመጣ።

«ለተማሪ መጥፎ አልነበረችም» አለ ማኮኻ በትሕትና። «አፍንጫዋን ያለ ጊዜው ቀና አደረጉት፤ ስለዚህ ተንሳፈፈች። ከዘለለች በኋላ ግን መሪውን አይግፉ ስልዎ አልገፉም፤ ኃይል ጥቂት ይጨምሩ ስልዎ ጨመሩ።»

«እጅህ የት ነበር?»

«ከመሪው ሁለት ጣት ያህል ርቆ።»

«ለምን አልነጠቅኸኝም?»

«አውቀው የሚያጠፉ መስሎኝ ነዋ።»

ካፒቴን ዋኬሾ ወደ አጥሩ ዞር ብለው መካኒኮቹን አዩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አውቄ አልነበረም።»

«እንዴት ማለትዎ ነው?»

«ፈተናው አልቆ ነበር። የመጨረሻዋን አሳምሬ አርፌ ላሳይህ ብዬ ነው። የጎን ነፋስ ወሰደኝ።»

ናፉላ መሣቅ ይገባት እንደሆነ ለማወቅ የአንዱን ከዚያም የሌላውን ፊት ተመለከተች፤ ከሁለቱም መልስ አላገኘችም።

«ታዲያ መንጠቅ ነበረብኝ?» አለ ማኮኻ።

«አየር ላይ ሳለን እኔም ይህንኑ እያሰብሁ ነበር። አሁን ይነጥቀኛል ብዬ ስጠብቅ ዝም አልህ። ከዚያ ድምፅህ መጣ። ‹ይቆዩ፣ አይግፉ፣ ትወርዳለች› ስትል ሰማሁ። እንደ ሕፃን ተከተልሁህ። ወረደች።»

አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ አንገቱን ደፍቶ ምስጋናውን ይቀበላል። ናፉላም ከጠረጴዛው ሥር በእግሯ ነካ አደረገችው፤ ዝም በል ማለቷ ነው። ማኮኻ ግን ያልሠራውን መልካም ሥራ በስሙ ማስጻፍ የማይሆንለት ሰው ነው።

«ካፒቴን፣ እውነቱን ልንገርዎ» አለ። «ነፋስ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ነጥቄዎት ነበር።»

ናፉላ በዚህ ጊዜ እግሩን ረገጠችው።

«አውቃለሁ» አሉ ካፒቴን ዋኬሾ። «እንደምትነጥቀኝ አውቃለሁ። አፍ አውጥተህ እንደምትነግረኝ ግን አላውቅም ነበር።» ሻያቸውን ፉት አሉ። «መቼ መያዝ፣ መቼ መተው እንዳለብኝ እኔም እስከ ዛሬ ግራ ይገባኛል። የማያልፈው ግራ የማይገባው ነው። አንተ አልፈሃል። ሰኞ ጠዋት አንድ ተማሪ ይጠብቅሃል፤ እሱ የሚያጠፋው አውቆ እንዳይመስልህ። እዚያ አጥር ላይ ያሉት ስለዚያች ማረፍ ሲጠይቁህስ?»

«የኔ ናት እላለሁ።»

«ጎሽ።»

በማግሥቱ ምሳ ተጋብዘው ነበር። ናፉላ ለዚሁ ቀን ያሰፋችውን ቀሚስ ለበሰች፤ የጀርባው ዚፕ እኩል መንገድ ሄዶ ቆመ። ካፒቴን ማኮኻ፣ አሁን በሙሉ ማዕረጉ የበረራ አስተማሪ፣ ከበሩ ላይ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል።

«ጨርቁን ከታች ወጥሪው» አለ። «ዚፑን ትንሽ ወደ ኋላ መልሺ። አትቸኩዪ። አሁን ወደ ላይ።»

ወጠረች፤ መለሰች፤ አልቸኮለችም። ዚፑ ካለበት ንቅንቅ አላለም። በመስተዋቱ ውስጥ ባሏን አየችው። ድምፁ የተረጋጋ ነው፤ ከጀርባው ያሉት ጣቶቹ ግን እርስ በርሳቸው ሲታገሉ ክርኑ ይንቀጠቀጣል።

«ማኮኻ።»

«አቤት።»

«ፈተናው አለፈ እኮ።»

«አውቃለሁ። አንቺ ግን አውቀሽ ነው የምትሳሳቺው ወይስ የእውነት እምቢ ብሎሽ ነው?»

ናፉላ አሰበችበት። ዚፑን እንደገና ሳብ አደረገችው፤ በርትታ ይሁን ሳትበረታ ለራሷም አልታወቃትም።

«እኔ እንጃ» አለች። «ና ዝጋልኝ።»

ከዚያ ቀስ ብሎ መጣ፤ እንደ ደንቡም «በእኔ እጅ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«በአንተ እጅ ነው» አለችው።

በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ከእጇ ነጥቆ ሳይሆን በገዛ ፈቃዷ ሰጥታው የሠራው የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው። ዚፑ ወዲያው ተዘጋ። እጆቹ ግን ትከሻዋ ላይ ቀሩ፤ ናፉላም ይነሡልኝ አላለችም።