የጋሽ ዴልማር ኮምፒውተር

የቅዳሜን ጨዋታ ውጤት ዓርብ ላይ የሚያውቅ ሰው የሌለው ከተማ የለም። አንዱ ጉልበቱን ሲቆረጥመው ያውቃል፤ ሌላው የአሰልጣኙን አክስት የሚያውቅ ዘመድ አለው። የእኛ ሰው ግን ኮምፒውተር ነበረው፤ ያውም ስልኩ ሁሉ ጠንቋይ ሳይሆን በፊት።

ክቡር ጋሽ ዴልማር ፕሩት በትንሿ የአላባማ ከተማችን ጎማ ይሸጥ ነበር። ይህ ለሆዱ ነው። ለነፍሱ የኮሌጅ ፉትቦል፣ ያንን በእጅ የሚወረወረውን የአሜሪካኖች ኳስ፣ ውጤት ይተነብይ ነበር። ኮምፒውተሩ አረንጓዴ ፊደል የሚጽፍ፣ ሲያስብ እንደ አሮጌ ማቀዝቀዣ የሚያጓራ ሣጥን ሲሆን፣ ሚስቱ ናዲን ከመጋረጃ ቅሪት ሽፋን ሰፍታለታለች። ጋሽ ዴልማር የተጫዋቾቹን ክብደት፣ ነፋሱን፣ የሣሩን እርጥበት ሳምንቱን ሙሉ ሲመግበው ይሰነብታል። አንድ ጊዜ የአሰልጣኙ አማት ለጥየቃ መምጣታቸውን ሳይቀር አስገብቷል።

"ሰውየው እኮ እንቅልፍ አጥቷል! ይሄ መረጃ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?" አለኝ።

ዓርብ ዓርብ ጎማ ቤቱ ደጃፍ ላይ የተቀቀለ ኦቾሎኒ እየፈለፈልን ፍርዱን እንጠብቃለን። ጉሮሮውን ጠርጎ "ኮምፒውተሩ እንዲህ ይላል" ሲል ወሬኛው ሁሉ ጸጥ ይላል። አንዳንዴ ይሰምርለታል፤ ብዙ ጊዜ አይሰምርለትም። ሳይሰምርለት ሲቀር ታዲያ መልሱ አንድ ነው፦ "ኮምፒውተሩ ትክክል ነው፤ የተሳሳቱት ልጆቹ ናቸው።" ዝናብ ይጥላል ብሎ በጠራራ ፀሐይ በተሸነፈ ጊዜም፣ ዝናቡ ዘግይቶ ነው ብሎ ድርቅ አለ።

በእኛ ከተማ ያለ ውርርድ መተንበይ ከሐሜት አይለይም። የተሸነፈ ሰው እሑድ ጠዋት የባላንጣውን ቡድን ማሊያ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን የፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። የገዛ ኮሌጁ ይሸነፋል ብሎ የሚወራረድ ግን ከጋሽ ዴልማር በቀር አልነበረም። "እኔ መች ተወራረድኩ? ሒሳቡ ነው" ይላል። ቡድናችን ሲሸነፍ እሱ ውርርዱን ይበላል፤ ከሁላችንም በላይ የሚያለቅሰውም እሱ ነው።

"ያሸነፍከው አንተ፣ የምታለቅሰው አንተ! ኧረ ምን ይሻልሃል?" ትለዋለች ናዲን።

አንድ መኸር ከወንዙ ማዶ ካሉት ብርቱካናማ ለባሾች ጋር ልንጫወት ቀናት ሲቀሩን የኳስ ወርዋሪያችን ትከሻ ወለቀ። በእሱ ቦታ የሚገባው የእትዬ ኧርሊን የልጅ ልጅ ካርላይል ሆነ። እትዬ ኧርሊን የቤተ ክርስቲያናችን ፒያኖ መቺ ናቸው፤ ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ከተማው በሙሉ "በዚህ ጨቅላማ አለቀልን" ይል ጀመር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከጋሽ ዴልማር ጋር ጓዳ ውስጥ ሆነን ስንጠብቅ ኮምፒውተሩ አጓርቶ አጓርቶ ፍርዱን አወጣ። በሃያ አራት ነጥብ እንሸነፋለን። ወዲያው እትዬ ኧርሊን ያለ ባርኔጣቸው ገቡ። ያለ ባርኔጣ አይቻቸው አላውቅም።

"ዴልማር፣ ልጄን ገና ሳይጫወት ቀበሩት። ትናንት ደውሎ 'አያቴ፣ አንቺም አልችልም ብለሽ ታስቢያለሽ?' አለኝ። እህል አልወርድ ብሎታል። ያ ሣጥንህ ምን ይላል? ያለውን እነግረዋለሁ።"

ጋሽ ዴልማር ብድግ ብሎ በሰፊ ቦርጩ ኮምፒውተሩን ጋረደው።

"እናሸንፋለን ይላል፣ እትዬ።"

"ትወራረዳለህ?"

"ማሊያውን ለመልበስ!"

እሳቸው ሲወጡ "ጋሼ!" አልኩት። "አርፈህ ኦቾሎኒህን ብላ" ብሎ ሽፋኑን አለበሰው።

ቅዳሜ ካርላይልን ጣሉት፤ ተነሣ። ደግመው ጣሉት፤ ደግሞ ተነሣ። መጨረሻ ላይ አንዲት ረጅም ኳስ ወርውሮ ሁላችንንም ከመቀመጫችን አስነሣን። ቢሆንም ተሸነፍን፤ በሃያ አራት ነጥብ። በዚያ ሁሉ ዓመት ኮምፒውተሩ አንዲት ነጥብ ሳይስት ሲተነብይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ጋሽ ዴልማር ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ፊቱ ተጨነቀ።

እሑድ ብርቱካናማው ማሊያ ቦርጩ ላይ ተወጥሮ ገባ። ምእመኑ በሳቅ ፈረሰ።

"ነቢዩ! የተሳሳቱት ልጆቹ ናቸው በላ!" አለ አንዱ ከኋላ።

ጋሽ ዴልማር ዞሮ ቆመ። "ልጁ ምንም አላጠፋም። የተሳሳተው ኮምፒውተሩ ነው" አለ። ናዲን አፏን ይዛ ቀረች።

ከጸሎት በኋላ እትዬ ኧርሊን ካርላይልን ይዘው መጡ። ልጁ ዓይኑ አብጧል። "አሳፈርኩህ፣ ጋሽ ዴልማር" አለው አንገቱን ደፍቶ።

"አንተ? ያ ቆርቆሮ ነው እንጂ ያሳፈረኝ! ይልቅ ያቺን የመጨረሻዋን ኳስ እንዴት አድርገህ ወረወርካት?"

ልጁ ቀና ብሎ ያስረዳው ጀመር፤ በእጁ እያሳየ። አያቱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው መሐረባቸውን ፈለጉ። እኔም የማየው ጠፍቶኝ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ፤ ያን ሰውዬ እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም።

መኪናው ጋ ስንደርስ ጋሽ ዴልማር ግራ ቀኙን ቃኝቶ ክንዴን ያዘኝ።

"ሃያ አራት! አይተሃል አይደል?"

"አይቻለሁ፣ ጋሼ።"

"ትንፍሽ እንዳትል።"

እሱ በሕይወት ሳለ ትንፍሽ አላልኩም። አሁን ግን ይታወቅለት።